“ሀ 20ን ሲያካፍል” ሲባል ከላይ የሚቀመጠው የቱ ነው?

ሰንበሌጥ

ሰላም ለሁላችሁ። ሂሳብ ከተውኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። አሁን ለፈተና ብዬ አልጀብራን እንደ አዲስ ጀምሬያለሁ። እኩልታው ተጽፎ ከተሰጠኝ እፈታዋለሁ፤ እሱ አያሳስበኝም። የሚያንቀኝ ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ በቃላት የተነገረውን ወደ ምልክት መገልበጡ። መደመርና ማባዛት ላይ ብዙ አልሳሳትም፤ ባገላብጠውም መልሱ ያው ነው። ማካፈል ሲመጣ ግን እጄ ይተሳሰራል።

ትናንት የሠራኋቸው እነዚህ ናቸው። ያልታወቀውን ቁጥር ሀ ብዬዋለሁ።

1. የአንድ ቁጥርና የ6 ድርሻ። እኔ፦ 6/ሀ
2. 5 ለአንድ ቁጥር ሲካፈል። እኔ፦ ሀ/5
3. አንድ ቁጥር 20ን ሲያካፍል። እኔ፦ ሀ/20
4. የአንድ ቁጥርና የ3 ድምር ለ4 ሲካፈል 7 ይሆናል። እኔ፦ ሀ + 3/4 = 7

ከአራት ዜሮ። አንዱን እንኳ በዕድል አላገኘሁም። ሳየው ደግሞ ለእያንዳንዱ የተለያየ ደንብ ነው የተጠቀምኩት፤ ደንቤ ምን እንደሆነ እኔም አላውቀውም። ምን ላድርግ?

ፈጣን_ስሌት

ቀላል ነው ወንድሜ። ከግራ ወደ ቀኝ አንብብ። መጀመሪያ የመጣውን ከላይ፣ ቀጥሎ የመጣውን ከታች። በቃ። የመጀመሪያው ሀ/6፣ ሁለተኛው 5/ሀ። ጨረስን።

ሰንበሌጥ

እህትህ ነኝ፣ ግድ የለም። ግን ሦስተኛው ላይ በአንተ ደንብ የሚመጣው ሀ/20 ነው። እሱን ጽፌ ነው ኤክስ የገባብኝ።

ፈጣን_ስሌት

ይቅርታ እህቴ። ሦስተኛው እንግዲህ የመጽሐፉ ስህተት ይሆናል።

ሰዋስው_ወዳጅ

የመጽሐፉ ስህተት አይደለም። ደንቡ ነው የተሳሳተው።

አማርኛ ላይ የቃላት ተራ አያስተማምንም። አንድ ቃል የትም ይቀመጥ የት፣ ሥራውን የሚነግራችሁ የተለጠፈበት ፊደል ነው። እነዚህን እዩ፦

20 ለሀ ሲካፈል
ለሀ 20 ሲካፈል
20ን ለሀ ስናካፍል
ሀ 20ን ሲያካፍል

አራቱም 20/ሀ ናቸው። ሁለቱ ግን የሚጀምሩት በሀ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ያነበበ ሁለቱን ይስታል።

እኔ የምፈልገው ሁለት ፊደል ብቻ ነው። “ለ” የተለጠፈበት ወደ ታች ይወርዳል። “በ”ም ያው ነው፤ “በ5 ሲካፈል” የሚሉ ብዙ ናቸው። “ን” የተለጠፈበት ወደ ላይ ይወጣል። ሁለቱም በሌሉበት ጊዜ ግሡን አየዋለሁ።

ግሡ ላይ ነው ሰው የሚወድቀው። “ሲካፈል” እና “ሲያካፍል” በችኮላ ላነበበ መንታ ናቸው። ግን አንደኛው ድርጊቱ የሚደርስበት ነው፣ ሌላኛው ድርጊቱን የሚፈጽም። ጠያቂና ተጠያቂ፣ ላኪና ተላኪ እንደምንለው። ተካፋዩ ተ አለችው፤ የሚቆረሰው እሱ ነው፣ ከላይ ይቀመጣል። አካፋዩ ቆራሹ ነው፣ ከታች። “ሲካፈል” ውስጥ ተ ተደብቃለች፤ “ተካፈለ” ብላችሁ ወደ ኋላ ብትመልሱት ብቅ ትላለች።

ስለዚህ “ሀ 20ን ሲያካፍል” ላይ ሀ ቆራሹ ነው። ተቆራሹ 20።

የሌሊት_ወፍ

ስለ “ለ” ካነሳችሁ አይቀር። እኔ የተማርኩት ሀ እና ለ የሚባሉ ተለዋዋጮች ይዞ በሚመጣ መልመጃ ነበር። አንድ ቀን “ሀ ለለ ሲካፈል” የሚል ጥያቄ ደረሰኝ። ማተሚያው የተንተባተበ መስሎኝ አንዱን ለ ሰረዝኩት። “ሀ ለ ሲካፈል” ቀረ። ከዚያ ለ የቷ እንደሆነች ግራ ገብቶኝ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥኩ።

ሰዋስው_ወዳጅ

ሃሃ! ለዚህ ነው ለተለዋዋጭ ለ፣ በ፣ ከ፣ የ መምረጥ የማልወደው። “ከከ ላይ ሲቀነስ” ብሎ የሚጽፍ ሰው ጠላት ነው። ሀ፣ መ፣ ቀ፣ ደ ሰላማውያን ናቸው። እዚህ ክር ላይ በሀ እና በመ እንግባባ።

ኖራ_ያዥ

እንደምን ዋላችሁ ልጆች። ብዙ ዓመት ሂሳብ አስተምሬያለሁ። የተባለው ልክ ነው፤ አንድ ነገር ልጨምር።

የፈጣን ስሌት ደንብ የሚሠራበት ቦታ አለ። “የዚህና የዚያ ድርሻ” ሲባል ብቻ። እዚያ “ለ”ም የለም፣ “ን”ም የለም፣ ግሥም የለም። የቀረን ተራው ብቻ ነው። ስለዚህ በስምምነት ቀድሞ የተጠራውን ተካፋይ እናደርገዋለን። የአንድ ቁጥርና የ6 ድርሻ ሀ/6። የ6ና የአንድ ቁጥር ድርሻ 6/ሀ። “ልዩነት” ላይም ስምምነቱ ያው ነው። በተራ ንግግር የ4ና የ9 ልዩነት 5 ነው ብንል ማንም አይከራከረንም። ድርሻ ላይ ግን እንዲህ ያለ ቸልታ የለም። የ4ና የ9 ድርሻ 4/9 ነው፤ ገልብጠሽ 9/4 ብትዪ ሌላ ቁጥር ነው።

“ድርሻ” የሚለውን ቃልም ልብ በዪው። የወጣው ከ“ደረሰ” ነው። ለእያንዳንዱ የደረሰው ማለት ነው። ተማሪዎቼ “ድርሻ” ሲሉ ከላይ ያለውን ጠቅላላ ብዛት የሚመስላቸው ነበሩ። አይደለም። ድርሻ መልሱ ነው።

ሲጠራጠሩ የማሠራቸው ዘዴ አንዲት ናት። ሀን ታጠፊና ቦታዋ ላይ የምታውቂውን ቁጥር ታስገቢያለሽ። “5 20ን ሲያካፍል” በዪ። ስንት አልሽ?

ሰንበሌጥ

4።

ኖራ_ያዥ

ታዲያ 5/20 ነው ወይስ 20/5?

ሰንበሌጥ

20/5! ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በቁጥር ሲሆን እኮ አልሳሳትም፤ ፊደል ሲመጣ ነው የምደነግጠው። አንደኛው፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ገብተውኛል። አራተኛው ግን አልገባኝም። ድምር አለ፣ 3 አለ፣ ለ4 አለ። “ለ4” ከፊቱ ያለችውን 3 ብቻ ነው ያካፈለልኝ።

ሰዋስው_ወዳጅ

“ለ4” የሚያካፍለው ከፊቱ የተጠጋውን ቁጥር አይደለም። የሐረጉን ራስ ነው የሚያካፍለው። “የአንድ ቁጥርና የ3 ድምር” ውስጥ ራሱ “ድምር” ነው፤ ሀ እና 3 የእሱ ጭፍራ ናቸው። ለ4 የተካፈለው ማን ነው? ድምሩ። ስለዚህ (ሀ + 3)/4።

“ድምር”፣ “ልዩነት”፣ “ብዜት”፣ “ድርሻ”፦ እነዚህ አራት ስሞች ሲመጡ እኔ በአእምሮዬ ቅንፍ እከፍታለሁ። ቅንፉ የሚከፈተው በመጀመሪያው “የ” ላይ ነው፣ የሚዘጋው ስሙ ላይ።

[የአንድ ቁጥርና የ3 ድምር] ለ4 ሲካፈል።

አሁን ይህን አነጻጽሪው፦ “አንድ ቁጥር ለ4 ተካፍሎ 3 ሲደመርበት”። እዚህ ሀ/4 + 3 ነው። “ተካፍሎ” ሥራው ማለቁን ይነግርሻል። ከዚያ በኋላ የመጣው 3 የሚደመረው በተካፈለው ላይ ነው። “-በት” የምትለዋ ትንሽ ጭራ ወደ ኋላ ትጠቁማለች።

በእኔ እምነት አማርኛ እዚህ ጋ ደግ ቋንቋ ነው። ደምሮ፣ ቀንሶ፣ አባዝቶ፣ አካፍሎ እያለ በተራ ያስኬድሻል። “3 ደምረሽ ለ4 ብታካፍዪው” ያለሽ ሰው ቅንፉን ነግሮሻል፤ “ቅንፍ” የሚል ቃል ባይወጣውም።

ፈጣን_ስሌት

ቆይ። ተራ አይሠራም ስትል አልነበር እንዴ?

ሰዋስው_ወዳጅ

የቁጥሮቹ ተራ አልሁ። የድርጊቶቹ ተራ ሌላ ነው። ማን ከላይ ማን ከታች እንደሆነ የሚነግርህ “ለ” እና “ን” ናቸው። የቱ ስሌት እንደሚቀድም የሚነግርህ ግሡ ነው።

ፈጣን_ስሌት

እሺ፣ ይችን ፍታት። “አንድ ቁጥር ሲደመር 3 ለ4 ሲካፈል 7 ይሆናል።” ድምር የሚል ስም የለም፣ ተካፍሎ የለም፣ ደምሮ የለም።

ሰዋስው_ወዳጅ

አትፈታም። ሁለት መልስ አላት። (ሀ + 3)/4 = 7 ካልነው ሀ 25 ነው። ሀ + 3/4 = 7 ካልነው ሀ 6 ከሩብ ነው። ሁለቱም ወደ ዓረፍተ ነገሩ ሲመለሱ ልክ ይሆናሉ። ጥፋቱ የጸሐፊው ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ፈተና ላይ ከመጣ እጅ አውጥቶ መጠየቅ ነው።

በዜሮ_አይካፈልም

ማሽኖቹም አይስማሙም እኮ። ርካሽ ካልኩሌተር ላይ 25 + 3 ÷ 4 እያላችሁ በተራ ብትነኩ 7 ይሰጣችኋል፤ የመጣለትን ወዲያው ነው የሚሠራው። ሳይንሳዊ ካልኩሌተር ላይ ያንኑ ብትነኩ 25.75 ነው፤ ማካፈሉን ያስቀድማል። አንድ ዓይነት ቁልፍ፣ ሁለት መልስ።

ለዚህ ነው ወደ ምልክት ስትገለብጡ ÷ን ትታችሁ ረጅሙን የክፍልፋይ መስመር ስሩ የምለው። ወረቀት ላይ ሀ + 3 ን ጻፉ፣ ከሥራቸው ሙሉውን የሚሸፍን መስመር አስምሩ፣ ከታች 4። መስመሩ ራሱ ቅንፍ ነው። ሰንበሌጥ የሳተችው እዚህ ይመስለኛል፤ መስመሩን ከ3 ሥር ብቻ አሳጠረችው።

÷ የምትባለዋ እራሷ ያን ያህል የቆየች አይደለችም። ለማካፈል በኅትመት የታየችው በ1659 እ.ኤ.አ. ዮሃን ራን የተባለ ስዊዘርላንዳዊ በጻፈው የአልጀብራ መጽሐፍ ነው። ዛሬ ዓለም አቀፉ የምልክቶች ደረጃ ጭራሽ አትጠቀሙባት ይላል። ላይና ታች የተቀመጡት ሁለት ነጥቦች ግን ጥሩ ማስታወሻ ናቸው፤ አንዱ ከመስመሩ በላይ፣ አንዱ ከመስመሩ በታች።

የሌሊት_ወፍ

ወይኔ፣ ነጥቦቹ የላዕልና የታህት ቦታ ይመስላሉ! ዕድሜዬን ሙሉ ሳያት ኖሬ ልብ አላልኳትም።

ሰንበሌጥ

አዎ፣ መስመሩን ከ3 ሥር ብቻ ነው ያሰመርኩት። ከየት አወቅህ?

ሌላ ጥያቄ። መልመጃው አንዳንዱን “መግለጫ ጻፍ” ይላል፣ አንዳንዱን “እኩልታ ጻፍ”። ካልነገረኝስ በምን አውቃለሁ?

ኖራ_ያዥ

ዓረፍተ ነገሩ ይዘጋል ወይስ አይዘጋም? እሱን እዪ። “የአንድ ቁጥርና የ6 ድርሻ” ብዬሽ ዝም ብል “እሺ፣ ምን ሆነ?” ትዪኛለሽ። አልተዘጋም፤ መግለጫ ነው። “የአንድ ቁጥርና የ6 ድርሻ 9 ነው” ካልኩሽ ጨርሻለሁ። እኩልታ ነው። ሀ/6 = 9፣ ሀ ደግሞ 54።

“ነው”፣ “ይሆናል”፣ “ይሰጣል”፣ “እኩል ነው”፣ “ያህላል”፦ ሁሉም የእኩል ምልክት ናቸው። ችግሩ በአማርኛ መጨረሻ ላይ መቀመጣቸው ነው። ሰሌዳ ላይ ሀ/6 9 = ብሎ የጻፈ ልጅ አጋጥሞኛል። ክፍሉ ሳቀበት። ልጁ ግን እንደሰማው ነበር የጻፈው፤ “ድርሻው፣ ዘጠኝ፣ ነው”። እኔ አልሳቅሁም። ምልክቷን አንስተህ በሁለቱ መሃል አስገባት አልሁት፤ ዳግመኛ አልተሳሳተም።

ምልክቷም እንዲሁ በቀላሉ አልተገኘችም። አልኽዋሪዝሚ በ9ኛው መቶ ዘመን ባግዳድ ውስጥ ስለ አልጀብራ ሲጽፍ አንድም ምልክት አልነበረውም። እኩልታዎቹን በሙሉ በቃላት ነው የጻፋቸው፤ ቁጥሮቹን ሳይቀር። የ= ምልክትን ሮበርት ሬኮርድ ያወጣት በ1557 እ.ኤ.አ. ነው። እናንተ አሁን የምትገለብጡትን ሥራ የሰው ልጅ በአንድ ሌሊት አልተማረውም።

ፈጣን_ስሌት

ይሄስ ጋሼ? “የአንድ ቁጥር ሩብ ከ7 በ2 ይበልጣል።” እኔ ሀ/4 > 7 ብያለሁ። ከዚያ 2ቱን የት እንደማደርጋት ጠፋኝ።

ሰዋስው_ወዳጅ

2ቷ ናት ዓረፍተ ነገሩን እኩልታ ያደረገችው። “ከ7 ይበልጣል” ብቻ ቢል > ልክ ነው፤ በስንት እንደሚበልጥ አልተነገረንማ። “በ2 ይበልጣል” ሲል ግን ልኩ ታወቀ። 7 ላይ 2 ብትጨምር ሩቡን ታገኛለህ፤ ሀ/4 = 7 + 2። ሀ 36 ነው።

“በ”ን ደግሞ ተጠንቀቋት፣ ሦስት ቤት አላት። በ2 ሲካፈል፣ በ2 ሲባዛ፣ በ2 ሲበልጥ። ከፊቷ ያለውን ሳይሆን ከኋላዋ የሚመጣውን ግሥ ሳታዩ አትፍረዱ። እኔ ማካፈል ላይ “ለ”ን የምመርጠው ለዚህ ነው።

ሰንበሌጥ

እንግዲህ “ሩብ” ስላነሳችሁ፣ ግማሽና ሲሶስ? “ለግማሽ ሲካፈል” እና “ግማሹ” አንድ ናቸው?

በዜሮ_አይካፈልም

በፍጹም! ይቺ ብዙ ሰው ጥላለች። “30 ለግማሽ ተካፍሎ 10 ሲደመርበት” ስንት ነው?

ፈጣን_ስሌት

25።

በዜሮ_አይካፈልም

ጣለችህ። 70 ነው።

30 ለግማሽ ሲካፈል ማለት በ30 ውስጥ ስንት ግማሾች አሉ ማለት ነው። 60 አሉ። 10 ጨምርበት፣ 70። አንተ ያሰብከው “30 ለሁለት ሲካፈል” ነበር፤ እሱ 15 ነው።

የአንድ ቁጥር ግማሽ፦ ሀ/2። ሲሶው፦ ሀ/3። ሩቡ፦ ሀ/4። ቁጥሩ ለግማሽ ሲካፈል ግን ሀ ÷ 1/2 ነው፣ ማለትም 2ሀ። አንዱ ያሳንሰዋል፣ ሌላኛው እጥፍ ያደርገዋል።

“ስንት ጊዜ ይገኛል?” የሚለውንም ያዙት። “በሀ ውስጥ 8 ስንት ጊዜ ይገኛል” ማለት ሀ/8 ነው። ማካፈል የሚል ቃል ሳይጠራ ማካፈል ነው። “ለእያንዳንዳቸው እኩል ሲደርሳቸው”ም እንደዚያው።

ፈጣን_ስሌት

አቦ፣ ስሜን ልቀይር መሰለኝ።

የሌሊት_ወፍ

ቀስ_ብሎ_ስሌት።

ሰንበሌጥ

ዛሬ ደግሞ አዲስ ነገር ገጠመኝ። “አንድ ቁጥር ለ7 ሲካፈል ድርሻው 5፣ ቀሪው 3 ነው።” ሀ/7 = 5 + 3 ብዬ፣ ሀ 56 ነው አልሁ። በጣም እርግጠኛ ነበርኩ። መልሱ 38 ይላል።

በዜሮ_አይካፈልም

56ን ለ7 አካፍዪው እስቲ። 8 ይደርሳል፣ ምንም አይተርፍም። የ3 ቀሪ የት ገባ?

ስህተትሽ የት እንደሆነ እንይ። 5 እና 3 አንድ ዓይነት አይደሉም። 38 ወንበሮችን በ7 ረድፍ እኩል ደርድሪ። በእያንዳንዱ ረድፍ 5 ወንበር ይሆናል። 3 ወንበር ጥግ ላይ ይቀራል። 5 “በአንድ ረድፍ” ነው። 3 ግን የማንም ረድፍ አይደለም፤ ገና አልተካፈለም። ሁለቱን ደምረሽ 8 ስትዪ፣ በአንድ ረድፍ ያለውን ጥግ ላይ ከቀረው ጋር ቀላቀልሽው።

ስለዚህ ወንበሮቹን መልሰሽ ሰብስቢ። 7 ረድፍ፣ በየረድፉ 5፣ ከዚያ ጥግ ላይ የቀሩት 3።

ሀ = 7 × 5 + 3 = 38

ኖራ_ያዥ

ቆንጆ ነው። ከፈለግሽ በማካፈል ምልክትም ልትጽፊው ትችያለሽ፣ ግን ቀሪውም መካፈል አለበት፤ ሀ/7 = 5 + 3/7። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። “ቀሪ” የሚል ቃል ስታዪ የማካፈል ምልክቱን ትተሽ ወደ ማባዛት ተሻገሪ። ተካፋይ እኩል ነው አካፋይ ሲባዛ በድርሻ፣ ሲደመር ቀሪ። ቀሪው ደግሞ ሁልጊዜ ከአካፋዩ ያንሳል። ለ7 አካፍለሽ 9 ከቀረሽ አልጨረስሽም።

ሰንበሌጥ

ወንበሮቹን ወረቀት ላይ በነጥብ ሣልኳቸው። ሰባት ረድፍ፣ አምስት አምስት ነጥብ፣ ጥግ ላይ ሦስት። አሁን ነው የገባኝ።

ሰዋስው_ወዳጅ

አንድ ሌላ ወጥመድ ልጨምርና ልተኛ። “የተማሪዎቹ ቁጥር የመምህራኑ 6 እጥፍ ነው።” ተማሪዎቹን ሀ፣ መምህራኑን መ በሉ። እኩልታውስ?

ፈጣን_ስሌት

አሁን ፈራሁ። 6ሀ = መ?

ሰዋስው_ወዳጅ

ብቻህን አይደለህም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በታተመ ጥናት ይህንኑ ጥያቄ አሜሪካ ውስጥ ለጀማሪ የምህንድስና ተማሪዎች ሰጥተዋቸው ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ስተዋል። ብዙዎቹም የጻፉት አንተ የጻፍከውን ነው። “ስድስት ተማሪ ለአንድ መምህር” ብሎ ያሰበ እጅ 6ን ከተማሪው ጎን ይለጥፋል።

በድርሻ ብታስበው ግን አትስትም። ተማሪዎቹ ለመምህራኑ ቢካፈሉ ለአንዱ መምህር ስንት ይደርሰዋል? 6። ሀ/መ = 6። ከዚያ ሀ = 6መ። “እጥፍ” የሚል ቃል ሲያስቸግርህ ወደ ድርሻ ገልብጠው። እንደኔ ማካፈል እዚህ ጋ ከማባዛት ይልቃል፤ ሰዎች በከንቱ ይፈሩታል።

በዜሮ_አይካፈልም

መ ዜሮ ካልሆነ።

የሌሊት_ወፍ

ይህን ለማለት ነው ክሩን ሙሉ የጠበቅከው አይደል?

በዜሮ_አይካፈልም

አዎ። ተለዋዋጭ ከታች በተቀመጠ ቁጥር መ ≠ 0 ብላችሁ ጎኑ ላይ ጻፉ። ያኛው 20/ሀም ላይ። ስሜ በከንቱ አልወጣም።

ኖራ_ያዥ

ሰንበሌጥ፣ አንድ የቤት ሥራ ልስጥሽ። ከጥንት ግሪኮች የግጥም ስብስብ የመጣ እንቆቅልሽ ነው፤ ስለ ጥንታዊው የሂሳብ ሊቅ ስለ ዲዮፋንተስ ዕድሜ። እውነተኛ ዕድሜው ይሁን አይሁን የሚያረጋግጥ የለም። ለእኛ ግን ከላይ እስከ ታች ድርሻ ነው።

የዕድሜውን አንድ ስድስተኛ በልጅነት አሳለፈ። አንድ አሥራ ሁለተኛ ሲጨመርበት ጢም አበቀለ። አንድ ሰባተኛ ሲጨመርበት አገባ። ከ5 ዓመት በኋላ ልጅ ወለደ። ልጁ የአባቱን ሙሉ ዕድሜ ግማሽ ኖሮ ሞተ። አባትየው ከልጁ ሞት በኋላ 4 ዓመት ኖሮ አረፈ። ስንት ዓመት ኖረ?

ሰንበሌጥ

ሁለት ቀን ፈጀብኝ ጋሼ፣ ግን ወጣልኝ። መጀመሪያ “አንድ ስድስተኛ”ን ስድስተኛው ዓመት አድርጌው ነበር፤ ልጁ በስድስት ዓመቱ ጢም ሊያበቅል ሲል ነቃሁ።

ዕድሜው ሀ ይሁን። ሁሉም ቁርጥራጭ ተደምሮ ሙሉ ዕድሜው መሆን አለበት።

ሀ/6 + ሀ/12 + ሀ/7 + 5 + ሀ/2 + 4 = ሀ

5 እና 4 የተሰጡት በዓመት ነው፣ የዕድሜው ቁራሽ አይደሉም። እነሱን ለሀ እንዳላጋራ ከወንበሮቹ ተምሬያለሁ። ከዚያ 6፣ 12፣ 7 እና 2 ሁሉም ያለቀሪ የሚያካፍሉትን ትንሹን ቁጥር ፈለግሁ፤ 84። ሁሉንም ወደ 84 ሳመጣው 14፣ 7፣ 12 እና 42 ሆነ። ድምሩ 75።

75ሀ/84 + 9 = ሀ

ስለዚህ የቀረው 9ሀ/84 እኩል ነው 9። ሀ = 84።

መልሼ ፈተሽኩት። 14 ዓመት ልጅነት፣ በ21 ጢም፣ በ33 ጋብቻ፣ በ38 ልጅ። ልጁ 42 ዓመት ኖረ፣ አባትየው 80 ሆነ። 4 ጨምር። 84!

ኖራ_ያዥ

ይባርክሽ። ከዚህ በኋላ የእኔ እርዳታ አያሻሽም።

ሰንበሌጥ

አንድ ቀረችኝ፤ እኔው የፈጠርኳት ናት፣ ለፈጣን ስሌት። “አንድ ቁጥር 48ን ሲያካፍል የሚገኘው ድርሻ ከቁጥሩ ሲሶ ጋር እኩል ነው።” ቁጥሩ ስንት ነው? ከግራ ወደ ቀኝ እንዳታነብ።

ፈጣን_ስሌት

ተንኮለኛ ነሽ። ቀስ ብዬ ልሂድ። 48 ላይ “ን” አለ፣ ወደ ላይ። ቁጥሩ አካፋይ ነው፣ ወደ ታች። ሲሶ ሀ/3።

48/ሀ = ሀ/3

ሀ ሲባዛ በሀ 144። ሀ = 12። 48 ለ12፣ 4። የ12 ሲሶ፣ 4። ልክ ነው!

በዜሮ_አይካፈልም

−12ም ይሆናል።

ፈጣን_ስሌት

አንተ ሰውዬ አትተኛም?